የማያልቀው ሸሚዝ

ልብስ ስፌት ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ከግራ ጆሮው በላይ ፀጉር የማይበቅልበት ረጅም ጠባሳ አለው። ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ጭንቅላቱ ከመጎዳቱ በፊት ቤቱም መቀሱም የእሱ ነበሩ። አሁን ጨርቅ የሚቆርጠው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ሰውዬው ግን አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ይተክላል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እስኪያሾልክ ይረፍድበታል። ሲሳካለት ቀና ብሎ፣ ያየው ሰው እንዳለ ይቃኛል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሸሚዝ የንጉሥ ነው እንዴ? አላልቅ አለ እኮ!» ይሉታል በቤቱ የሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች።

አብሯቸው ይስቃል። ሳቁ ከሁሉም ዘግይቶ ይጀምራል፣ ከሁሉም ዘግይቶ ይቆማል።

«መቀሱን መቼ ነው የምትሰጠኝ?» ይለዋል ወንድሙን።

«እጅህ ሲጸና፣ ጋሼ። መጀመሪያ ይቺን ጨርሳት።»

ሰፊዎቹ ይጠቃቀሳሉ። ሱቁ ሲዘጋ ወንድምየው ቁልፎቹን በምላጭ እየበጠሰ ለነገ ሥራ እንደሚያዘጋጅለት ያውቃሉ። እሱ እንደሆነ ይረሳዋል፣ ምን ቸገረው?

ትናንት ሰውዬው ሸሚዙን አጣጥፎ ለወንድሙ አስረከበና ቁልፎቹ ሥር የሳሳውን ጨርቅ በጣቱ ዳሰሰ።

«ስትበጥሰው ምላጩን ቀስ አድርገህ ያዘው» አለው። «ጨርቁ አለቀ እኮ። ነገ ምኑ ላይ ልትከል?»