የእናቴ ቦታ በማርያም ማኅበር

ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥቤ፣ ፍሙ ላይ የወይራ ስንጣሪ ጣል አድርጌ ደፋሁበት። ያ ጭስ አፍንጫዬ ሲገባ ምን እንደምሆን ልንገርሽ? የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እሆናለሁ። ለፊታችን ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነው፤ ጠላው በዚህ ጋን ይጠመቃል።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። መካነ ሰላም ውስጥ በእሷ ጋን ጠላ ያልጠመቀ ቤት ካለ እኔ አላውቀውም፤ ወግዲ ገበያም ሥራዋ ይፈለግ ነበር። መዳፏ እርጥቡን ጭቃ ሲመታ ጧ ጧ የሚለው ድምፅ ከጓሮ እስከ መንገድ ይሰማል። የሰፈሩ ሰው «አያቶቿ ፈላሾች ናቸው» እያለ ያማታል። እሷ እቴ፣ መች ልትደበቅ! «ቤተ እስራኤል በሉ፤ የኦሪት ሰዎች ነበሩ። እኔም ተጠምቄ እቆርባለሁ። ምኑ ነው የሚያሳፍረው?» ትላቸዋለች።

ማኅበርተኞቹ ግን አፈሩባት። ጠላቸው በእሷ ጋን ይጠመቃል፤ ዙሪያውን የሚቀባበሉት ጽዋ ራሱ የእጇ ሥራ ነው። ተሸክማ ታደርስላቸዋለች፤ ጋኑ ይገባል፣ እሷ ከደጅ ትመለሳለች። ማኅበሩን ልግባ ብላ ሦስት ዓመት ለመነች። የማኅበር አለቃ ሙሴ እንደሚባል ታውቂያለሽ፤ ሙሴው በጠየቀቻቸው ቁጥር «እስቲ እናያለን» ይሏታል። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚታየው ምንድን ነው በማርያም!

የሙሴው ልጅ ከእኔ ጋር ሰንበት ትምህርት ቤት ትማር ነበር። አንድ ቀን ከመዝሙር ስንወጣ፣ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት «ጌታን የሰቀሉት የእናትሽ ዘመዶች አይደሉ?» አለችኝ። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እናቴ እንባዬን ልትጠርግ እጇን ዘረጋችና ጭቃውን አይታ መለሰችው።

«አብሽሪ» አለችኝ። «ስድብ በስድብ አይመለስም። መጽሐፉን አንብቢ።»

አነበብኩት። ወላሂ፣ ክረምቱን ሙሉ አነበብኩት።

የመስከረም ማርያም ዕለት፣ ግሸን መሄድ ያልቻለው ሁሉ ከቅዳሴ በኋላ ቅጽሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ የእኛን ጥያቄና መልስ ያዳምጥ ነበር። ሙሴውም ከፊት ናቸው። የኔታ የመጨረሻውን ጥያቄ አነበቡ፦ «እስራኤል ዘነፍስ የምትባለው ማን ናት?»

የሙሴው ልጅ ቀድማ እጇን አወጣች። «ቤተ ክርስቲያን ናት፤ እኛ ነን። እስራኤል ዘሥጋ ስላላመኑ ተጥለዋል፤ ቦታቸው ለእኛ ተሰጥቷል።»

ጭብጨባው ቀለጠ። የኔታ ግን «የሚጨምር አለ?» አሉ። እኔ ተነሣሁ።

«የኔታ፣ ቤተ ክርስቲያን መሆኗ እውነት ነው። ተጥለዋል ካልን ግን እመቤታችንን የት ልናደርጋት ነው? የዳዊት ልጅ አይደለችም እንዴ? ሐዋርያቱስ የማን ወገን ናቸው? ማኅበርተኛውስ አለቃውን ሙሴ ብሎ የሚጠራው በማን ስም ነው?»

የኔታ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ያለውን ወይራ ቀና ብለው አዩት።

«ጳውሎስ እኛን በዱር ወይራ ነው የመሰለን» አሉ። «በሌላ ሥር ላይ ተቀጥለን ነው የለመለምነው። ታዲያ ተቀጥሎ የገባ ሥሩን ይንቃል?»

ይህን ብለው ሙሴውን አዩዋቸው። ሙሴው አቀረቀሩ። እኔማ አልዋሽሽም፣ ኩራት ልቤን አሳበጠው! እናቴን በሴቶቹ በኩል ፈለግኳት፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላለች።

ከሰዓት በኋላ ሙሴው ከነልጃቸው ደጃችን ቆሙ። «ይነሱ፣ ማኅበሩ ጽዋውን ሳይቀምስ እየጠበቀዎት ነው» አሏት። እስከዚያ ቀን እናቴን አንቱ ያላት ሰው አልነበረም።

እሷ ግን ወዲያው አልተነሣችም። «ማኅበሩ ነው የጠራኝ ወይስ የልጄ ምላስ?»

«ልጅዎስ አሳፍራናለች» አሉ ሙሴው። «ሦስት ዓመት በደልንዎት። ይቅር ይበሉን።»

ያን ጊዜ ተነሣች። ስትገባ ከላይ ቦታ ለቀቁላት፤ አይሆንም ብላ ከበሩ ሥር ተቀመጠች። ጠላውን የቀዳችላት የሙሴው ልጅ ናት። እናቴም ራሷ የሠራችውን ጽዋ በሁለት እጇ ተቀበለች።

ከዚያ ወዲያ ባሉት ዓመታት ሁሉ ከበሩ ሥር ተነሥታ አታውቅም። «እማ፣ አሁንስ ወደ ላይ ብትወጪ ምናለ?» ስላት፣ «እዚህ ስሆን ከደጅ የቀረ ሰው ካለ ይታየኛል» ትለኛለች።

አምና ዐረፈች። የእናት ማኅበር ለልጅ ነውና እኔ ያዝኩት። ይሄ ጋን የመጨረሻ ሥራዋ ነው፤ አቃናሁትና ውስጡን አሸተትኩት፣ ወይራው ገብቶለታል። የሃያ አንድ ዕለት «ደጋሿ አንቺ ነሽ፣ ወደ ላይ ውጪ» ማለታቸው አይቀርም። እኔ ግን የምቀመጠው ከበሩ ሥር ነው፤ ከዚያ ደጁ ይታያል።