የአባባ በራሶ ጥንቸል

ልጅ ሳለሁ ጥንቸል መሣልን የተማርኩት ከተረት ነው። ዲላ ውስጥ ጎረቤታችን የነበሩት አባባ በራሶ ከቡሌ የወረዱ የቀርከሃ ቅርጫት ሠሪ ነበሩ፤ እናቴ ከቢሮ እስክትመለስ ማምሻውን የማሳልፈው እሳቸው ዘንድ ነበር። የተሰነጠቀውን ቀርከሃ እንዲለመጥላቸው ፍም ላይ ያገላብጡታል፣ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር ኩራዙ ቀድሞ ይለኮሳል፤ እሳቸውም ከምድጃው ዳር የቀዘቀዘ ከሰል አንሥተው ሲሚንቶው ላይ ክብ ያሰምሩና «ጥንቸል ቤት ሠራ» ብለው ይጀምራሉ።

አማርኛቸው ከጌዴኦኛ በኋላ የመጣ ስለነበር ጥንቸሏንም እኔን ሴቷንም በወንድ ነበር የሚጠሩን። እናቴ ትስቅ ነበር፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ክቡ ቤት የጥንቸሏ ራስ ነው። ከቤቱ ጀርባ ሁለት እንሰት ትተክላለች፣ ረዣዥሞቹ ቅጠሎች ጆሮዎቿ ይሆናሉ። ከቤቱ ሥር እህል የምታስቀምጥበት ትልቅ ቅርጫት ይመጣል፣ ያ ሆዷ ነው። የቤቱ በር አፍንጫ፣ በደጁ የበቀለው ሣር ጢም ይሆናል። ከዚያ ጅብ ይመጣል። ጅቡ በሩን ሊሰብር ሲል አባባ ከሰሉን ከፍ አድርገው ይይዙና ያዩኛል።

«ዓይን መጨረሻ ነው። ዓይን ከሰጠኸው ያያል፣ ካየ ይሮጣል።»

ሁለት ነጥብ ጣል አድርገው ወዲያው ሥዕሉን በመዳፋቸው ያብሱታል። ጥንቸሏ አመለጠች ማለት ነው። ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፣ ሁልጊዜ ግን እስቅ ነበር።

ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ እኔ ድምፄ የቁራ ስለነበር ከወንዶቹ ጋር ሥዕል አዞር ነበር። ሌላው ሁሉ መልአክና አደይ አበባ ሲሥል የእኔ ጥንቸል ነበረች፣ ሰፈሩም ለመዳት። ከሁሉ የምታምረውን ግን ለአባባ አስቀር ነበር። በየዓመቱ የምገባላቸው ቃል ይኼው ነበር።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ቅርጫቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ይሠሩት ጀመር፤ የበዓሉንም ሥዕል በእስክሪብቶ ጫን አድርጌ እንድሥልላቸው ነገሩኝ፤ መስመሩን በጣታቸው ሊያዩት። በዋዜማው ወረቀቱ እስኪጎረብጥ ተጭኜ ሣልኳት። ጆሮዎቿ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጁብኝ።

በማግስቱ ሥዕሎቼን አዙሬ ጨርሼ ወደ አባባ ስሄድ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ከበሯ ላይ ጠራችኝ። እጄ ላይ የቀረችውን የአባባን ጥንቸል አይታ ሳቀች፣ እንዴት ታምራለች አለች፣ ግድግዳዬ ላይ እሰቅላታለሁ አለች። ማን እንዳስተማረኝም ጠየቀችኝ።

«ራሴ ነኝ» አልኳት። ሥዕሏንም ሰጠኋት።

ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። እንደዚያ ያለ ሰው አመስግኖኝ አያውቅም ነበር፣ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ቤት ገብቼ ሌላ መሣል እችል ነበር። ሰነፍኩ። እስክሪብቶ ያልነካው ወረቀት ይዤ አባባ ዘንድ ገባሁና እንኳን አደረስዎ ብዬ ሰጠኋቸው። አያዩም ብዬ ነው፤ በጣታቸው እንደሚያዩ እያወቅኩም እንዲህ ብዬ አስቤ ነው።

ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ሄደ። ከላይ እስከ ታች ሄደ፣ ገልብጠው ጀርባውንም ዳሰሱት። ጆሮውን የሚፈልጉበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆዩ።

«ዓይን ሰጠኸው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መረቁኝ፣ ዳቦ አስቆርሰው ሰጡኝ፣ ልጃቸውን ጠርተውም ወረቀቱን ከአልጋቸው በላይ እንድትለጥፈው አዘዟት። እየሮጥኩ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ማምሻውን ቤት ውስጥ ጥናት አለብኝ ማለት ጀመርኩ።

ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ሞቱ። ለቅሶው ላይ ከእናቴ ጀርባ ተደብቄ ገባሁ፤ ባዶው ወረቀት እዚያው ግድግዳው ላይ ነበር። ልጃቸው እያለቀሰች አቀፈችኝና፣ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ይህ ባዶ ወረቀት ምንድን ነው እያለ ሲስቅ አባቷ ምን ይመልሱ እንደነበር ነገረችኝ።

«ልጄ ነው የሣለው። ጥንቸሉ ዓይን ስላገኘ ሮጠ። ይመለሳል፣ ወረቀቱን አታንሡ።»

ለአባባ ያለቀስኩ መስሏቸው ሰዎች አባበሉኝ። ያለቀስኩት ግን ለራሴ ነበር፤ እሳቸው ገበናዬን ሸፍነውልኝ እኔ ከደጃቸው ስለጠፋሁ።

ባለፈው ልጄ ስልኬን ይዛ መጣች። ለጀማሪዎች የሚያምር የበዓል ጥንቸል አሣሣል የሚያሳይ ቪዲዮ አግኝታ አብረን እንሥል አለችኝ። ስልኩን አስቀምጪው አልኳትና ቤቱን፣ እንሰቱን፣ ቅርጫቱን እያወራሁ ሣልኩላት። ጅቡ በሩ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ለእሷ ሰጠኋት። ዓይኑን እሷ ራሷ ጨረሰችው።

የአባባ ወረቀት እኔ ጋ ነው፤ ልጃቸው በለቅሶው ቀን ከግድግዳው አንሥታ ሰጠችኝ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ መሐሉ ላይ ጣታቸው የሄደበት ትንሽ ወዛም ነገር ይታያል። ብዙ በዓል እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጬበታለሁ፣ ከክቡ ማለፍ ይቅርና ክቡንም አልጀምርም። ይመለሳል ብለው ነበር። እኔ ነኝ ያልተመለስኩት።