የሶፊ ወተት

በዚያ ቀን በላቦራቶሪው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ከአዲስ አበባ የተላከው ወጣት የጨረር ኬሚስት፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ የግቢው ዘበኛ፣ ከሶፊ መንደር ወተት የምታመጣው ሴት፣ ዕቃ አጣቢዋ እኔ፣ ደግሞም የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ይዣት የሄድኩት የአራት ዓመት ልጄ። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን ማስቀደሜ፣ በኋላ ወሬው ከየት ወጣ ሲባል ብዙ ሰው በከንቱ ስለተጠረጠረ ነው። ወሬው የወጣው ከእኔ አፍ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ላቦራቶሪው ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ ማንበብና መጻፍ ስለምችል ግን ጠርሙስ ካጠብኩ በኋላ በየጠርሙሱ ላይ ወረቀት እለጥፍ ነበር። ዝናብ፣ አፈር፣ ወተት፣ የመጣበት ቦታ፣ ቀኑ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምሠራ ማታ እግሬ ያብጣል። እጄን ደግሞ አሲዱ ክረምት ከበጋ ይሰነጣጥቀዋል።

ኬሚስቱ ሥራውን አንድ ቀን አስረድቶኛል። በሩቅ አገር ትልልቅ ቦምብ ለሙከራ ይፈነዳል፤ አቧራው በሰማይ ተጉዞ ከዝናብ ጋር ይወርዳል፤ ከሳሩ ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ወተቱ፣ ከወተቱ ወደ ሕፃን አጥንት ይገባል። እሱ ወተቱን ያደርቃል፣ በምድጃ አቃጥሎ አመድ ያደርገዋል፣ አመዱንም ከከባድ እርሳስ ብረት በተሠራ ሳጥን ውስጥ ከመሣሪያው ሥር አስቀምጦ ይቆጥራል። መሣሪያው ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ እሱ ይጽፋል። ዘበኛው በሁዳዴ ይህን አይቶ፣ «ወተት ጠብሶ አመዱን የሚቆጥር ሰው ካየሁ፣ በዚህ ዓለም ያላየሁት አልቀረም» ብሎ አስቆናል።

እኔ ግን «የሕፃን አጥንት» ካለኝ ወዲህ ሰላም አጣሁ። ልጄ የምትጠጣው ወተት ከዚያችው ከሶፊዋ ሴት የምገዛው ነበር። በየጠዋቱ የወተት ጮጮዋን ተሸክማ በእግሯ ትመጣለች፤ ለእኔና ለጎረቤቶቼ ትሰጥና የተረፈውን ጀጎል ውስጥ ትሸጣለች። የላቦራቶሪውን ወተት ግን በጮጮዋ አታመጣም። ኬሚስቱ የራሱን ጣሳ ይሰጣትና ከላሟ በቀጥታ በጣሳው አልባ ታመጣለታለች። የከተማውን ላሞች ወተት ራሱ እየዞረ በጠርሙስ ይቀበል ነበር።

ያን ቀን ኃላፊው ሴትየዋን አስጠሩ። ኬሚስቱ ወረቀቱን ይዞ ቆመ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«የዚች ሴት ወተት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት» አለ።

«ወላሂ ውሃ አልጨመርኩም!» አለች ሴትየዋ።

«ማን ውሃ አለሽ?» አላት ዘበኛው። «ይበልጣል ነው የሚሉሽ።»

«ከበለጠ ታዲያ ምን አስጠራኝ? ዋጋ ሊጨምሩልኝ ነው?»

ዘበኛው ሳቀ። ኃላፊው አልሳቁም። ነገሩ እስኪጣራ ወተት ወደ ግቢው እንዳታስገባ ነገሯት። እስከ መቼ ብትላቸው፣ «እስኪጣራ ነዋ» አሉ። ያለቻት አንድ ላም ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በእሷ ነው። ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ የልጅቷ እናት፣ ንገሪያቸው እንጂ! ይቺ ልጅ የእኔን ወተት ጠጥታ አይደለም ያደገችው?»

ልጄን ወደ ራሴ ሳብኳት።

በማግስቱ ደጄ ስትመጣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ «ዛሬ ይቅርብኝ» አልኳት። ለጎረቤቶቼም ነገርኩ። ልጆች አሏቸው፤ እንዴት ልደብቃቸው? «ወተቷ ውስጥ አጥንት የሚበላ ነገር ተገኘ» አልኩ። ኬሚስቱ እንዲህ አላለም። ወሬው ሳይውል ሳያድር ጀጎል ገባ። ጮጮዋን እንደሞላ ይዛ ስትመለስ ጠርሙስ ከማጥብበት መስኮት አያት ነበር። ከዚያ መምጣቱንም ተወችው።

ኬሚስቱ ሶፊ ድረስ ሄዶ ሳሩንም ውሃውንም አምጥቶ ቆጠረ። ከሌላው አይለይም። አንድ ከሰዓት በኋላ የሶፊውን ጣሳ አንስቶ ክዳኑን ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ወይራ ነው ጌታዬ። አጥኜዋለሁ።»

«ምን አደረግሽው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ የሶፊው ወተት መንገድ ላይ በፀሐይ ረግቶ ደርሶ፣ «ጣሳውን በደንብ አላጸዳሽውም» ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። በእኛ ዘንድ የወተት ዕቃ በውሃ ብቻ ጸዳ አይባልም። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የጋመ የወይራ ስንጥር ይገባበታል፣ ይናጣል፣ ከዚያ በጨርቅ ይወለወላል። ከዚያ ቁጣ ወዲህ ጣሳውን በየጊዜው አጥነው ነበር። ጨርቄ ለላቦራቶሪ ዕቃ ንጹሕ አይደለም ብዬ ስለፈራሁ ግን አልወለወልኩትም፤ ገልብጬ አራግፈዋለሁ እንጂ። የስንጥሩ አመድ ከሥሩ ሳይቀር አይቀርም።

ኬሚስቱ ጣሳውን እንደያዘ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ዛፉ ስንት ዓመት ሙሉ ከዝናቡ የሰበሰበውን ነው ለካ ከወተቱ ጋር የምቆጥረው» አለ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ባልታጠነ ጣሳ ወተት እንደገና ለመውሰድ ሶፊ ወረደ። ላሟ ተሸጣለች። ገዢውን ፈልጎ አግኝቶ ወተቱን አመጣና ቆጠረው፤ እንደ ሌላው ሆነ። ሴትየዋ ግን ልጆቿን ይዛ ሄዳለች፤ ወዴት እንደሄደች የሚነግረው አላገኘም።

በየጎረቤቱ ደጅ ዞሬ፣ ወተቷ ደህና ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። አንዷ ቡና እየለቀመች ቀና ሳትል፣ «ያኔም አንቺው ነሽ፣ አሁንም አንቺው ነሽ። የትኛውን እንመን?» አለችኝ። በገበያ ቀን በጀጎሉ ሰንጋ በር ቆሜ ከሶፊ የሚመጡትን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ አሳልፌአለሁ። አንዱ ወደ ባቢሌ ሄዳለች ይላል፣ ሌላው ወደ ድሬዳዋ ይላል። ደክሞኝ ተውኩት፤ ደግሞ ጀመርኩ።

ሴትየዋ ረጅምና ቀጭን ነበረች፤ በግራ ጉንጯ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሯት። እሷን ወይም ከልጆቿ አንዱን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ የት እንዳሉና እንዴት እንደሆኑ እንዲነግረኝ እለምናለሁ።