ሊበን ሜዳ ላይ በደረቴ ተኝቼ

ባለቤቴ ነገሌ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። ደርግ ከወደቀ በኋላ የከፈተው ነው። የመታወቂያ፣ የሠርግና የክርስትና ፎቶ ያነሳ ነበር። በፊልም ዘመን ሠርግ አንስቶ ሲመለስ ከጥቅልሉ ጫፍ የተረፈ ነገር ካለ ሳይጨርሰው አዲስ አበባ ለእጥበት መላክ አይሆንለትም። ጓሮ ይወጣና አጥራችን ላይ ያረፈች ወፍ ያነሳበታል። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ አንዳንዴ ሳያየው ከሠርጉ ጋር በፖስታ ለባለቤቶቹ ይሰጣል። አንድ ቀን የአንድ ሙሽራ አጎት ፖስታውን ይዘው ተመልሰው መጡና የወፏን ፎቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ይቺን ደግሞ ማን ጠራት?»

«የሙሽሪት ወገን ናት፣ አባባ» አላቸው።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር። ከነሱ ወገን ትንሽ ቀምሳ የሄደች እሷ ብቻ ናት።»

ፎቶውን ግን አልመለሱም። ኪሳቸው ከትተውት ሄዱ።

ዲጂታል ካሜራ ከመጣ በኋላ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወፍ ልናነሳ አብረን መውጣት ጀመርን። ወደ ሞያሌ ለዕቃ ስንወርድ ሜጋ ከተማ ላይ ለወፍ ሳይቆም አያልፍም። ወፍ መጠጋትን ያስተማረኝ እሱ ነው። «ቀጥ ብለሽ አትሂጂባት፤ በጎን ሂጂ። ቀና ካለች ቁሚ፣ ስትለቅም ተራመጂ» ይለኝ ነበር። የምንቃሯን ሥር ፀጉር መቁጠር እስኪቻል ድረስ ይቀርባቸው ነበር። አንዷ ብቻ አልሆነችለትም።

ከነገሌ ወጣ ብሎ ባለው ሊበን ሜዳ ሣር ውስጥ የምትኖር ቡናማ ወፍ ናት። ሌላ አገር የለችም ይላሉ። በዝናብ ወራት ወንዱ እየዘመረ ሽቅብ ይወጣል፣ አየር ላይ ቆም ይልና እንደ ድንጋይ ወደ ሣሩ ይወርዳል። ወረደ ወዳልንበት ብንሄድ የለም፤ እንደ አይጥ በሣሩ ሥር ሮጦ ሌላ ቦታ ደርሷል። ስንት ዝናብ ተመላልሰን ያገኘነው የሩቅ ነጥብ ብቻ ነው። ሜዳው ደግሞ በየዓመቱ እየታረሰ ይጠባል።

ያለፈው ዓመት ዝናብ ሲጥል እሱ አልጋ ላይ ነበር። በየጠዋቱ «ሣሩ ወጣ?» ይለኛል። «ወጣ» እለዋለሁ። ሣሩ ከደረቀ በኋላ አረፈ።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲመጣ ገና ከል አላወጣሁም። ለቅሶ ደራሹ ግን ካቆመ ቆይቷል። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «አሁንስ ይብቃሽ» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ የምፈልገው ያቺን ወፍ ከቅርብ ማንሳት ነበር። ለሚመጣው ዓመት እርሻው ያንን ቦታ ይተወው አይተወው ማን ያውቃል።

ባጃጁ መንገድ ዳር አወረደኝ። በዚያ አረንጓዴ ላይ ጥቁር ልብስ ከሩቅ ይታያል፣ ከሌን ደግሞ አላወልቅም። ስለዚህ የእሱን ካኪ ጃኬት ከላይ ደርቤ ወንዱ ከወረደበት ትይዩ በደረቴ ተኛሁ። ብዙ ቆየሁ። ክርኔ ደነዘዘ። በመጨረሻ ሣሩ ተንቀሳቀሰና የወፏ ጭንቅላት ብቅ አለ። ፊቷን አንድ ሰበዝ ሸፍኗታል። አንዲት እርምጃ ብትጨምር ይበቃኝ ነበር።

«ወዮ! ወዮ! ሞታለች!»

ወተት ይዘው ወደ ከተማ የሚሄዱ ሦስት ሴቶች ናቸው። ጀሪካናቸውን ጥለው ሮጡብኝ። ትልቋ ሴትዮ ብብቴን ይዘው በጀርባዬ ገለበጡኝ። ወፏ የለችም።

«አልሞተችም፣ ዓይኗ ይርገበገባል» አለች አንዷ። ከዚያ ጎንበስ ብላ «አካም? ናጋ?» ብላ ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ።

«ናጋ» አልኩ፣ ሰማይ ሰማይ እያየሁ።

«ናጋ ከሆነ መሬት ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወፍ ፎቶ ላነሳ ነው፣ እናንተ አባረራችሁብኝ እንጂ!»

ትልቋ ቀሚሴን አዩ፤ ጃኬቱን አዩ።

«ጃኬቱ የማነው?»

«የባለቤቴ።»

«እሱስ?»

«አረፈ።»

ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው በኦሮምኛ «ወፍ ትላለች፤ ተዋት፣ ሐዘን ነው» አሉ። መስማቴን አላሰቡም። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «ዋቃ ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ወተቱ ይበላሻል» አለች ትንሿ።

«ወተት ነገም ይታለባል። ቁጭ በይ።»

ምን አሞት እንደነበር ጠየቁኝ። ተሰቃየ ወይ፣ እህል ይቀምስ ነበር ወይ፣ ማን ነበር አጠገቡ? መጀመሪያ በንዴት ነበር የምመልሰው። በየጠዋቱ ስለ ሣሩ ይጠይቀኝ እንደነበር ስነግራቸው ግን እንባዬ መጣ። ሳለቅስ ሴትዮዋም አብረውኝ አለቀሱ። አንድም ቀን ያላዩት ሰው ነው።

ያኔ ወንዱ ከወዲያ ተነሣ። ዘመረ፣ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ሣሩ ተከፈተና ከጀሪካኑ አጠገብ ራቁት መሬት ላይ ወጣ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀርቤው አላውቅም። ደረቱ ላይ ያለው ዝንጉርጉር እየተነፈሰ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል። ካሜራው ጭኔ ላይ ነው። የማንሻ ቁልፉ በቀኝ በኩል ነው፤ ቀኝ እጄ ደግሞ በሴትዮዋ እጆች መሃል ነው።

ብጎትተው ይለቁኝ ነበር። አልጎተትኩትም።

«ይቺ ናት?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እሷ ናት።»

«ትንሽዬ ናት እኮ!»

ወደ ሣሩ እስኪመለስ ድረስ አራታችንም አየነው። ከዚያ ሴትዮዋ እጄን እንደያዙ «ባልሽ በስተመጨረሻው ይናገር ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ጥቂት ይናገር እንደነበር ነገርኳቸው።