ያደረ ናፕኪን፤ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ደርሶ መልስ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ኦክላንድ

የቤቱ ሰዎች ሳይነቁ ወጣሁ። ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ በትንሿ ክሌር ሥዕሎች መካከል፣ አጭር ማስታወሻ ለጥፌአለሁ፦ «ሳን ሆዜ የሚከራይ ክፍል ለማየት ሄጃለሁ፤ ለእራት እመለሳለሁ።» ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ቅሬታ እንዳይኖርበት፣ ምስጋናም እንዳይበዛበት ፈልጌ ነው።

መንገዱ ቁልቁለት ነው። ጉም፣ የእንጨት ቤቶች፣ ጤዛ የለበሱ መኪኖች፣ በየደጁ በላስቲክ ተጠቅልለው የተወረወሩ ጋዜጦች። ከውሻው ጋር የሚሮጥ አንድ ሽማግሌ «ደህና አደርሽ» ብሎኝ አለፈ። በዚህ አገር የማያውቁት ሰው ሰላምታ ይሰጣል፤ የሚያውቁት ደግሞ ዝም ይላል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ የምኖረው ፈረንሳዮች ቤት ነው። ሙሴ ፊሊፕ መሐንዲስ ነው፤ ሚስቱ ማዳም ኤሌን ልጆችን ፒያኖ ታስተምራለች፤ ክሌር ሰባት ዓመቷ ነው። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለሁላችንም የሰው ቋንቋ። እኔ የአፈር ኬሚስትሪ አጠናለሁ። አዲስ አበባ ሌሎችን ሳስተምር ኖሬ በሠላሳ አራት ዓመቴ እንደገና ተማሪ ሆኜአለሁ። በዚህ ዕድሜ በሰው ቤት ማደር ውርደት መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ ራሴ ወስኜ ነበርና፣ የጎደለኝ ማስረጃ ብቻ ነበር።

1 ሰዓት ከሩብ፤ ባቡር ውስጥ

ባቡሩ ሳን ሊያንድሮን አልፎ ወደ ደቡብ ይሮጣል። በስተግራ ሣራቸው የደረቀ ኮረብቶች፣ በስተቀኝ የመጋዘን ጣሪያዎች። ከፊቴ የተቀመጠች የሆስፒታል ሠራተኛ ጫማዋን አውልቃ አንቀላፍታለች።

ማስረጃው የተገኘው ማክሰኞ እራት ላይ ነው። በዚያ ቤት ገበታ ሥርዓት አለው። ዳቦ በሳህን ሳይሆን በጠረጴዛው ልብስ ላይ ይቀመጣል፤ ሰላጣ ከምግብ በኋላ ይመጣል፤ አፍ የሚጠረገው በጨርቅ ናፕኪን ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየማታው ለእኔ የተተኮሰ ነጭ ናፕኪን ሲቀርብ፣ እነሱ ከቅርጫት የተጨማደደና ያደረ ሲያነሡ አይ ነበር። ክብሬን ተቀብዬ ንጽሕናቸውን ታዝቤአለሁ።

ማክሰኞ ግን ሳህኔ አጠገብ የጠበቀኝ ቢጫ የተቀባ የእንጨት ቀለበት ነበር። ቀለበቱ ውስጥ የሰኞው ናፕኪኔ ተጠቅልሏል፤ የቲማቲሙ እድፍ ሳይቀር። ክሌር ብቻ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኝ ነበር።

ሳልነካው በላሁ። ከእራት በኋላ ናፕኪኑን በሳሙና አጠብሁት፤ በማግስቱ ተኩሼ፣ በአራት አጥፌ፣ ቀለበቱን ከላዩ አድርጌ የማዳም ኤሌን መሳቢያ ውስጥ መለስሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ንጹሕ ናፕኪን ይቀርብልኛል። ማዳም ኤሌንም ይበልጥ ትሑት፣ ይበልጥ ዝምተኛ ሆናለች። መልእክቴ ደርሷል አልሁ። ሐሙስ ዕለት ኦክላንድ ካለው የሐበሻ ሱቅ መስታወት ላይ የሳን ሆዜውን ክፍል ስልክ ቁጥር ገለበጥሁ።

2 ሰዓት ተኩል፤ ፍሪሞንት

ባቡሩ እዚህ ያበቃል፤ ቀሪው መንገድ በአውቶቡስ ነው። ሾፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው፤ ከመቀመጫው ጀርባ የልጅ ልጆቹን ፎቶግራፍ ሰቅሏል።

«ለሥራ ነው?» አለኝ።

«ቤት ለማየት።»

«ትምህርትሽስ የት ነው?» የያዝሁትን መጽሐፍ አይቷል።

«ከኦክላንድ ወዲያ።»

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «እመቤቴ፣ በየቀኑ ከእኔ ጋር መዋል ፈልገሽ ካልሆነ ይህ ስሌት አይገባኝም።»

ስሌቱን አውቀዋለሁ። በቀን ሰባት ሰዓት መንገድ ነው። መጽሐፌን ገለጥሁ።

4 ሰዓት፤ ሳን ሆዜ

ጉሙ እዚህ የለም። ሰፋፊ መንገዶች፣ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ በየግቢው ሎሚ። በሩን የከፈተችልኝ ጥርሷ ላይ ሽቦ ያሰረች ልጅ ናት።

«ማም! ዘ ሌዲ ኢዝ ሂር!»

«በአማርኛ ጥሪኝ አላልሁሽም፣ ሣራ?» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ።

«አይ ዲድ ኮል ዩ!»

እትዬ ብርሃኔ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። ክፍሉን አሳዩኝ። ሰፊ ነው፤ መስኮቱ ወደ ሎሚው ዛፍ ይከፈታል። አልጋው ላይ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሣለት አዲስ ፎጣ አስቀምጠውልኛል።

«ሩሙ ይኸው። አሁን ያለሽበት ምን ሆነ? ይጠጣሉ? ይሰድቡሻል?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ?»

ነገሩን በቅደም ተከተል፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ነገርኋቸው። ስለ እድፉ ስደርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ አዘኑልኝ ብዬ ነበር። እየሳቁ ኖሯል።

«አቦ! ቀለበት ሰጥተውሽ ነው ያኮረፍሽው? ስምሽ አለበት?»

«አለበት። ልጅቷ ናት የጻፈችው።»

አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። «ስሚኝ ልጄ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዮች ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ንጹሕ ሰርቪየት በየቀኑ የሚሰጠው ለእንግዳ ነው፤ እንግዳ ነገ ይሄዳላ። የቤት ሰው የራሱን ጠቅልሎ ቀለበቱ ውስጥ ያሳድራል፤ የሚታጠበው በሳምንት ነው። የሙሴውን፣ የማዳሟን፣ የልጆቹን፣ ሁሉንም አጥቤአለሁ። ለእኔ ቀለበት አልነበረኝም።»

ይህን ያሉት ያለ ምሬት ነው፤ ምሬቱ የእኔ ሙያ ነው። ደረቅ አፈር ላይ ውሃ ሲያፈስሱ መጀመሪያ ገጹ ላይ ይንከባለላል፤ ወዲያው አይገባም። ፎጣውን ስመለከት ቆየሁ።

«አጥቤ መለስሁላቸው፣ እትዬ ብርሃኔ።»

«ተኩሰሽ?»

«ተኩሼ።»

«ወይ ጉድ! ተማርሁ ብለሽ!» አሉና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «ሩሙን ከፈለግሽ ያንቺ ነው፤ ተከራይ አላጣም። ግን ሂጂና ጠይቂያቸው። ባዶ እጅሽንም አትግቢ።» ሣራን ሎሚ እንድትለቅም ላኳት።

«ሃው ሜኒ?»

«ፌስታሉ እስኪሞላ!»

9 ሰዓት፤ የመልስ መንገድ

ሾፌሩ ያው ነው። ሎሚውን አየ፤ «ቤቱን ተውሽው?» አለ። ሦስት ሎሚ ሰጠሁት። ሎሚውን ያቀፍሁት እንደ ሕፃን መሆኑን ያወቅሁት ፍሪሞንት ስወርድ ነው። በባቡሩ መስኮት የጠዋቱ ኮረብቶች በተቃራኒው ያልፋሉ። ማዳም ኤሌን መሳቢያውን ስትከፍት ፊቷ ምን መስሎ እንደ ነበር አላውቅም፤ ላለማየት ጠንቅቄ ነበርና።

12 ሰዓት ተኩል፤ ኦክላንድ

ጠረጴዛው ተዘጋጅቷል፤ ሾርባው ይጨሳል። በቦታዬ የተተኮሰ ነጭ ናፕኪን በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ቆሟል። ማዳም ኤሌን ሎሚውን ተቀብላ አሸተተችው።

«ክፍሉ ጥሩ ነው?» አለች፤ ሳታየኝ።

«ጥሩ ነው። መስኮትም አለው።»

«ደስ ይላል።»

ተቀመጥሁ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ መግቢያና መደምደሚያ ያለው። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቀለበቴ የት ነው?»

ሙሴ ፊሊፕ ማንኪያውን አስቀመጠ። ማዳም ኤሌን ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ክሌር ከወንበሯ ተንሸራትታ ደረጃውን በሩጫ ወጣች፤ ስትመለስ የጨርቅ አሻንጉሊቷን ይዛለች፤ ቢጫው ቀለበት አሻንጉሊቷ ወገብ ላይ ነው።

«ቢጫ ስለማትወጂ መሰለኝ» አለች። «ሰማያዊ ልቀባው ነበር።»

«ቢጫ እወዳለሁ። ትርጉሙን ስላላወቅሁ ነው።»

«ትልቅ ሰው ሆነሽ?»

«ትልቅ ሰው ሆኜ።»

ነጩን ናፕኪን ዘረጋሁት። ሾርባው የቲማቲም ነበር። ስጨርስ አፌን ጠረግሁበት፤ በአራት ሳላጥፍ ጠቀለልሁት፤ ስሜ በተጻፈበት ቀለበት ውስጥ አስገባሁት። ክሌር ተቀበለችኝና ቅርጫቱ ውስጥ፣ ከእነሱ ሦስት ናፕኪኖች አጠገብ፣ እድፉን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። እስከ ሰንበት አይታጠብም።