የእትዬ ግንባርና የእኔ አንድ ዶላር

አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ግሮቭ ሲቲ በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስቆልል ወገቤ እምቢ ሲለኝ፣ ሽማግሌና አሮጊት ወደ መንከባከብ ሥራ ዞርኩ። መጀመሪያ የደረሱኝ ሴትዮ ጃፓናዊት ነበሩ። በወጣትነታቸው በአገራቸው ስማቸው የተጠራ የፊልም ተዋናይና ዘፋኝ እንደነበሩ ልጃቸው ነገረችኝ። እኔ በልቤ እትዬ እላቸው ነበር።

እትዬ መዝፈን የጀመሩት በልጅነታቸው ነው። ከዘፈኑ ወደ ፊልም ወሰዷቸው፤ ፍቅረኛ ሆኑ፣ ሙሽራ ሆኑ። አንድ ጊዜ ግን ነጭ ለብሰው፣ በአገራቸው ለሬሳ እንደሚደረገው ግንባራቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮላቸው፣ የሙት መንፈስ ሆነው ተጫወቱ። ፊልሙ ተወደደ። ከዚያ ወዲያ የሚመጣላቸው ሁሉ የሟች ሚና ሆነ። «ገና በሠላሳ ዓመቴ ስንት ጊዜ ገነዙኝ!» ብለውኛል። ተናደው ሁሉንም ተዉት፤ ዘፈኑንም ጭምር። ባል አግብተው ወደዚሁ ኦሃዮ መጡ። በንዴት ወደ ተዉት ነገር መመለስ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ንዴት ከእኔም ቤት አይጠፋም።

ልጃቸው እዚሁ ኮሎምበስ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት። የእናቷን ዘፈን ከአሮጌ ሸክላ እንጂ ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። እትዬ ነገር መርሳት ሲጀምሩ ጭንቀቷ በረታ። ከሥራ ስትመለስ ጃኬቷን ሳታወልቅ «ዛሬስ ማም ዘፈነች?» ትለኛለች። አልዘፈኑም እላታለሁ። አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷ ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች፤ እኔ የእትዬን ልብስ እያጠፍኩ የሠርግ ዘፈን አንጎራጉራለሁ። ድምፄ አያምርም። እትዬ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ «እንዲህ አይደለም» አሉና የራሳቸውን ጀመሩ። ቀጭን፣ ግን የማይሰበር ድምፅ ነው። ቅኝቱ ከእኛው ሠርግ ቤት የወጣ ይመስላል። ልጅቷ እጇ ሳሙና እንደሆነ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ዘፋኝ ሲያስደስተኝ እጄ አያርፍም፤ አገር ቤት የለመድኩት ነው። ሳላስብ ከኪሴ አንድ ዶላር አወጣሁ፣ በምራቄ አረጠብኩና የእትዬ ግንባር ላይ ለጠፍኩ።

ዘፈኑ ቆመ። እትዬ ግንባራቸውን ዳሰሱ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ያ ነጭ ጨርቅ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እጄን በቆረጠው! ስንት ዓመት የተዘጋ ድምፅ ገና ሲከፈት፣ እኔው መልሼ ገነዝኳቸው። የልጅቷን ፊት ማየት አቃተኝ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። «በእኛ አገር ይሄ ለሟች አይደለም። አንጀት ላራሰ ዘፋኝ ነው። በሕይወት ላለ፣ ላቡ ላልደረቀ» አልኳቸው።

እትዬ ዶላሩን ከግንባራቸው አንስተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«አንድ ብቻ?» አሉኝ።

ኪሴን ዳበስኩ፤ ከባንክ ካርድ በቀር ምንም የለም። ልጃቸው ቦርሳዋን ልታመጣ ሮጠች፤ እትዬ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጅቷ እኔ ሳደርግ እንዳየችው ዶላሩን በምራቋ አርጥባ፣ የእናቷ ግንባር ላይ ለጠፈች። እትዬ በዚህኛው አላቆሙም።