ከመኪና ወርዶ ድልድይ ላይ መቆም

ትናንት ልጄ ሲሚንቶ የጫነውን አይሱዙ ቦንጋ፣ ደጃችን ላይ አቁሞ ምሳ ሲበላ፣ ወደ ደካ በሚወስደው መንገድ ያለው ድልድይ ይህን ጭነት ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ክብደት የሚከለክለው ታፔላ የድሮ ነው አባዬ፤ ሁሉም ያልፋል» አለኝ። ልጎርስ የያዝኩትን ትሪው ላይ መለስኩት።

ይህን አነጋገር በወጣትነቴም ሰምቼዋለሁ። ክረምት ነበር። እህቴ ወርቅነሽ ምጥ ጠንቶባት ከቢታ ገነት ወደ ቦንጋ ሆስፒታል እንወስዳታለን። ሌላ መኪና ስላልተገኘ ቡና የጫነ ላይ ወጣን፤ እሷ ጋቢና፣ እኔ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ኬሻው ላይ። እርጥብ ጆንያና ናፍጣ ይሸታል። መኪናው ጭቃው ውስጥ በተንገጫገጨ ቁጥር ስታቃስት ይሰማኛል።

ከእንጨት የተሠራው ድልድይ አፋፍ ስንደርስ ሹፌሩ ጋሽ ተካ እንደ ልማዱ ጮኸ፦ «ውረዱ! መኪናው ይቅለለው!»

ወረድን። ቡናውን የነካ የለም። ይባስ ብሎ የወረደው ሁሉ መኪናውን ሊመራ ድልድዩ ላይ ተኮለኮለ።

«ከመኪናው ወርደን ድልድዩ ላይ ከቆምን ምኑ ቀለለ?» አልኩ በንዴት።

«አሁን የተሸከመን እግራችን ነዋ!» አለ ረዳቱ። ሁሉም ሳቀ።

ትምህርት አቋርጬ ያገኘሁትን የማነብ ሰው ነበርኩ፤ ይህን ለማወቅ ግን መጽሐፍም አያስፈልግም። የጋቢናውን በር ከፈትኩ።

«የምታምጥ ሴት በጭቃ ልታስኬድ ነው? እሷ ብቻዋን ምን ትከብዳለች!» አለ ጋሽ ተካ።

«የሚከብደውማ ቡናህ ነው!»

ወርቅነሽ እየሰደበችኝ ተሸክሜ አሻገርኳት። ሰዉ «ና! ና! ግራ ስበር!» እያለ መኪናውን አስገባ። መሃል ሲደርስ እንጨቱ ተሰበረ። ሰዉ ወደ ዳር ሮጦ ተበታተነ። መኪናው በቀኝ ጎኑ ወድቆ እህቴ የተቀመጠችበት ወንበር በግንድ ተጨፈለቀ። ጋሽ ተካ በመስኮት ወጣ።

የሳቁብኝ ሰዎች ወርቅነሽን በሸራ ተሸክመው ማዶ ካለው መንደር አደረሷት። እዚያ መኪና ተገኘና ቦንጋ በሰላም ተገላገለች። እኔን ያሳረረኝ በኋላ ያየሁት ነው፤ ድልድዩ ተጠግኖ፣ ሰዉ እንደገና ከመኪና ወርዶ፣ መኪናውን ከብቦ አብሮ ይሻገራል።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት።

«ያ እኮ እንጨት ነበር» አለ።

እጄን ታጠብኩና ግማሹን ሲሚንቶ ግቢያችን እንዲያራግፍ አዘዝኩት።

«ሁለቴ ልመላለስ?»

«ተመላለስ!»

እያጉረመረመ አወረደ፤ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ያኩርፍ። አኩርፎም ቢሆን ቤቱ ይግባልኝ።